ስም ሳይወጣ የታሰረ ጣት

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የአንድ ሕፃን ጣት ታሪክ ነው፤ ያውም ከባቄላ ፍሬ የማይተልቅ ጣት። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ከእኔ ብዙ ያዩና ለመጻፍ የሚበቃ ነገር የደረሰባቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ለእናቴ ስነግራት እሷም ገረማት። «ይሄ ምኑ ይጻፋል?» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን «የማንንም ስም ካልጠራሽ ጻፊው» አለች። ስለዚህ ስም ሳልጠራ፣ የሆነውን እንደሆነ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ቤታችን ቡታጅራ ነው። አባታችን መርካቶ ስለሚነግድ ለዒድና ለአረፋ ካልሆነ አይመጣም፤ ቤቱን የያዘችው እናቴ ናት። በገበያ ቀን ዶሮ ትሸጣለች። ከመስቃን ገጠር በጋሪ ያመጡላታል፤ እሷ ደግሞ ለከተማው ሰውና ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ነጋዴዎች ትሸጣለች። ከዶሮዎቹ መሃል አንገታቸው ላይ ላባ የሌላቸው ጥቂቶች ሁልጊዜ አይጠፉም። አንገተ መላጣ እንላቸዋለን። ልጅ ሳለሁ እፈራቸው ነበር። ግማሽ ተነጭተው ከድስት ያመለጡ ይመስሉኝ ነበር፤ ቀዩ ቆዳቸው ሲንቀሳቀስ ማየት አልወድም። እናቴ ስትስቅብኝ «አልታመመችም፤ አፈጣጠሯ ነው» ትለኝ ነበር።

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ስሄድ እነዚያ ዶሮዎች እዚያም ያገኙኛል ብዬ አላሰብሁም። የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ዝርያ መለወጥ ሲያስተምሩን ግን፣ ቤቱ አንገተ መላጣ ዶሮ ያለው ተማሪ እንዳለ ጠየቁ። እጄን ያነሣሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። መምህር ሲደሰትብኝ ደስ የሚለኝ ተማሪ ነኝ፤ ባልደብቀው ይሻላል። የሚቀጥለውን እረፍት ቡታጅራ ሄጄ ከአንገተ መላጣ ዶሮና ከአንገተ መላጣ አውራ የተገኙ እንቁላሎችን በጤፍ ጭድ ጠቅልዬ፣ ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ እንደያዝሁ በሚኒባስ ተመለስሁ። ረዳቱ «እንቁላል ነው ወይስ ፈንጂ? አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ አልተደገፍሽም» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ።

እንቁላሎቹ ላቦራቶሪው ውስጥ ባለው ማስፈልፈያ ሳጥን ገቡ። መምህራችን ከተራ ዶሮ የተገኙትንም አብረው አስገቡ። ከቀናት በኋላ ከሁለቱም አንድ አንድ ከፈቱና በማጉያ መነጽር ተራ በተራ አሳዩን። ከውስጥ ያለው ነገር ገና ጫጩት አይባልም። ትልቅ ጥቁር ዓይን፣ የታጠፈ አካል፣ መስተዋት የመሰለ ቆዳ ነው። ጀርባው ላይ በረድፍ በረድፍ የተሰለፉ ትናንሽ ነጥቦች ይታያሉ። እያንዳንዷ ነጥብ ወደፊት ላባ የሚወጣባት ቦታ ናት አሉን። የተራዋ ዶሮ ጽንስ ላይ ነጥቦቹ ጀርባውን አልፈው አንገቱን ያለብሱታል። ከእኛ ቤት በመጣው ላይ ግን ትከሻ ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ። አንገቱ ባዶ ነው።

መምህራችን እንዲህ ብለው ነበር፤ በልቤ ስለያዝሁት እንዳለ እጽፈዋለሁ። «አዲስ ነገር አልተፈጠረም። ቆዳው ውስጥ ላባ አታብቅል የሚል መልእክት ድሮም አለ። እዚህ ላይ መልእክቱ ትንሽ በዝቷል፤ የአንገት ቆዳ ደግሞ ከሌላው ቆዳ ይልቅ ለዚህ መልእክት ቅርብ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው።» ቀጥለውም ያ ትንሽ ልዩነት ምን እንደሚያመጣ አስረዱን። ቆላ ላይ ፀሐይ ሲበረታ አንገቷ ባዶ የሆነች ዶሮ ሙቀቱን ቶሎ ታስወጣለች፤ ሌሎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ሲያለከልኩ እሷ ትበላለች፤ እንቁላሏንም ትጥላለች። ጫጩቶቿ ይበዛሉ። ደጋ ላይ ደግሞ ብርዱ ያንኑ አንገት ይጎዳዋል። ስለዚህ ዶሮ ዶሮ እንደሆነች፣ የአንዱ አገር ዶሮ ከሌላው አገር ዶሮ እየተለየች ትሄዳለች። የለውጡ መነሻ ግን እዚያ ሳጥን ውስጥ ያየነው፣ ገና ሳይፈለፈል የሆነው ነገር ነው።

ሌሎቹ ተገረሙ። እኔ ፈራሁ። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳይሰማው፣ በጨለማ ውስጥ አንድ ነገር ትንሽ ሲበዛ ሕይወት በሙሉ ከዚያ በኋላ በእሱ መሄዱ አስፈራኝ።

ከዚያ መምህራችን ስለ እጅ አነሡ። የሰው እጅም ማህፀን ውስጥ መጀመሪያ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ነው አሉ። በትንሿ ጣት ወገን ካለው ጫፍ መልእክት ይነሣና ለየቦታው የትኛው ጣት እንደሚሆን ይነግራል፤ በጣቶቹ መሃል ያለው ሥጋ ሲሞት ጣቶቹ ይለያያሉ። ይህ ሁሉ የሚያልቀው እናትየዋ ማርገዟን በቅጡ ሳታምን ነው። አንዳንዴ ታዲያ ስድስተኛ ጣት ይጨመራል። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «እኔ ቢኖረኝ ፈተና ላይ ቶሎ ቶሎ እጽፍበት ነበር» አለ። ጓደኛው «ባዶ ወረቀት ለመስጠት አምስቱም በዝተውብሃል» ብሎ መለሰለት። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህራችንም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ፣ በሕፃንነት ስለሚወገድ አንዳንድ ሰው ስድስት ጣት እንደነበረው እንኳ እንደማያውቅ፣ ከትንሿ ጣት ጎን የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ ብቻ እንደምትቀር ነገሩን።

ግራ እጄን ጨበጥሁ። የእኔ ጠባሳ እዚያው ነበረች። ስጽፍ ጠረጴዛውን የምትነካዋ እብጠት፣ እናቴ ኪንታሮት ነበር ያለችኝ።

ለዒድ ቡታጅራ ስሄድ እንግዳው እስኪሄድ ጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላ እናቴ ሳህን እያጠበች ሳለ እጄን ዘርግቼ ምን እንደነበር ጠየቅኋት። ኪንታሮት ነው አልኩሽ አይደል አለች። ጣት ነበር ወይ አልኋት። ሳህኑን አስቀመጠችና መጀመሪያ በሩን ዘጋች። እናቴ በር የመዝጋት ልማድ አላት። ሕፃን የያዘች እንግዳ ከመጣች በተለይ፣ ቀትር ላይም ቢሆን በሩ ይዘጋል፤ መስኮቱም ይዘጋል፤ በሩ ሥር ጨርቅ ይወተፋል። በዚያን ቀን የዘጋችው ለወሬው መሰለኝ።

የነገረችኝ ይህ ነው። ስድስተኛው ጣት በእሷ እናት ወገን ሲወርድ የመጣ ነው። ልጅ ሲወለድ አያቶች ጣቱን ከሥሩ በጥቁር ክር ያስሩታል፤ ቅቤ ይቀቡታል፤ ደርቆ ይወድቃል። መውደቅ ያለበት ግን ስም ከሚወጣበት ከሰባተኛው ቀን በፊት ነው። በእኛ ቤት እምነት፣ ስም ሳይወጣ የወደቀ ነገር ከልጁ ጋር አይቆጠርም፤ ወደ ልጆቹም አይሄድም። እህቴ ሁለቱም እጆቿ ታስረዋል፤ እኔ ግራዬ። እናቴ በእኛ ላይ ጨርሼዋለሁ ብላ ታምን ነበር። እህቴ ማረቆ ውስጥ ወዳለችው ቆሼ ከተማ ስትዳር የባሏ ቤተሰቦች ዘራችንን ከሥር እስከ ጫፍ አጥንተዋል፤ እናቴ ስለ ጣቱ ትንፍሽ አላለችም። በዚህ ዒድ ደግሞ እህቴ እርጉዝ ነበረች።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። ከዚያ ግን ከእኛ በፊት አንድ ወንድ ልጅ እንደነበረ ነገረችኝ። እንደሞተ አውቅ ነበር፤ እንዴት እንደሞተ አላውቅም ነበር። የእሱ ጣት አጥንት ነበረበት፤ ክሩ ቶሎ አልቆረጠውም። አንድ ጠዋት ጡት አልይዝ አለ። አፉ አልከፈት አለ። ሲነኩት እንደ እንጨት ይደርቅ ጀመር። ስም ሳይወጣለት ተቀበረ።

«ብርድ መታው» አለች እናቴ። «ቤቱ በጭስ ታፍኖ ነበር፤ በሩን ለትንሽ ጊዜ የከፈትሁት እኔ ነኝ።»

ሁለተኛ ደረጃ ላይ ስለ ክትባት ተምረናል። ጡት የማይዝ፣ አፉ የሚቆለፍ፣ ሲነኩት የሚደርቅ ሕፃን መንጋጋ ቆልፍ የያዘው ሕፃን ነው፤ በሽታውም በቁስል በኩል ነው የሚገባው። አየሁት፤ ክሩን፣ ቅቤውን፣ ቁስሉን። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በር ስትዘጋ የኖረች ሴት ናት። በሩ አይደለም፣ ክሩ ነው ማለት ልጅሽን የገደልሽው በእጅሽ ነው ማለት መሰለኝ። እሷ ግን አይኔን እያየች «ለእህትሽ አንዳች ነገር እንዳትናገሪ። ሲመጣ እኔ አውቅበታለሁ» አለችኝ።

ወልቂጤ ተመለስሁ። መምህራችንን ከክፍል በኋላ ተከትዬ፣ ስለ አንድ ዘመዴ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። እርጉዟ ብዙ ወር ካለፋት ጣቱ ካለም አለ፣ ከሌለም የለም አሉኝ፤ ያ ነገር ድሮ ተወስኗል። ጣቱ ራሱ ሕፃኑን አይጎዳውም። አጥንት ያለበትን ጣት በክር ማሰር ግን አደገኛ ነው፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ማስፈልፈያው ሳጥን አጠገብ ቆመን ነበር። ከመስተዋቱ ጀርባ የቀሩት እንቁላሎች በረድፍ ተቀምጠዋል። ከነሱ አንዱ ባዶ አንገት ይዞ እየተሠራ እንደሆነ፣ የእህቴም ልጅ እንዲሁ የያዘውን ይዞ እየመጣ እንደሆነ አሰብሁ። የእኛ ቤት ክር እስከ ዛሬ የቆረጠው ያደገውን ጣት እንጂ ጣቱን የጠራውን መልእክት አልነበረም። መልእክቱ ከእናቴ ወደ እኛ መጥቷል፤ ከእኛም ይሄዳል።

ለእናቴ ደወልሁ። ጣት ይዞ ከመጣ እንዳታስሪው፣ ሐኪም ይየው አልኋት። ለምን ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጠየቀችኝም። «እሺ፣ ኢንሻ አላህ» አለችኝ፤ ከዚያ ምግብ ይጣፍጠኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የእናቴን እሺ ስለማውቀው ስልኩን ስዘጋ አልቀለለኝም።

በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። እህቴ ከቆሼ መጣች፤ ቡታጅራ ጤና ጣቢያ በሰላም ወለደች። ወንድ ልጅ ነው ብለው ሲደውሉልኝ ስለ እጁ ማንም አልተናገረም። እኔም ስልኩ ላይ ብዙ ሰው ስለነበረ መጠየቅ ፈራሁ። በአራተኛው ቀን እህቴ ራሷ ደወለች፤ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። ሕፃኑ ቀኝ እጁ ላይ ትርፍ ጣት ነበረው። አዋላጇ አጥንት ስላለው ሆስፒታል ውሰዱት ብላ ነበር። እናቴ እሺ ብላ ቤት እንደገቡ አሰረችው።

«ሊወድቅ ነው ትላለች፤ ግን እያበጠ ነው» አለች እህቴ። «ሰባተኛው ቀን አማቴ ይመጣሉ። ካልወደቀ ምን እላለሁ?»

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝሁ። መንገዱ ወደ ደጋው ሲወጣ ጉም ነበር፤ እንሰቱ በሁለቱም በኩል ጥቁር ጥላ ሆኖ ያልፋል። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀኝ ሁለት ጊዜ አልሰማሁትም። ልጁ ጡት ይይዛል ወይ ብዬ አለመጠየቄ ትዝ አለኝ። ለመደወል ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ አልነበረም። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ ያ ጥያቄ ብቻ ነበር።

ቤት ስደርስ በሩ ተዘግቷል፤ ሥሩ ጨርቅ ተወትፏል። ውስጡ ሙቀትና የቅቤ ሽታ ነው። እህቴ አጥሚት እየጠጣች አገኘኋት። ሰላም ሳልላት ጡት ይይዛል ወይ አልኋት። ይይዛል፣ ግን ቶሎ ይተዋል አለችኝ። እናቴ ጎረቤት ስለነበረች የሕፃኑን እጅ ገለጥነው። ጣቷ ትንሽ ጥፍር ነበራት። ይህን አልጠበቅሁም። ከክሩ በላይ ጫፏ ጠቁሯል፤ ከክሩ በታች እጁ እስከ አንጓው ድረስ ቀልቶ አብጧል። ስነካው እንደ ጀበና ይሞቃል። ክሩ ሥጋው ውስጥ ስለሰጠመ በዓይን አይታይም ነበር።

ለእህቴ ያለውን አደጋ ነገርኋት፤ ስለ ወንድማችን ግን አልነገርኋትም። ወዲያው ልንወስደው ተስማማን። እህቴ ነጠላዋን ስትፈልግ እናቴ ገባች፤ የት ልትሄዱ ነው አለች። ነገርኋት። አልተቆጣችም፤ እሱ ነው የከፋው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ ሁለት ቀን ነው የቀረው፣ ጫፉ ጠቁሯል፣ ይወድቃል፣ አሁን ክሩ ከተፈታ ሥቃዩ በከንቱ ይሆናል፣ ስሙም ከነጣቱ ይወጣል አለች። እኔ ወልቂጤ ተምሬ ስለመጣሁ እሷ ልጅ ማሳደግ እንዳልረሳች ነገረችኝ። እህቴ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች። ከዚያ ነጠላዋን አስቀመጠች።

በሩ የተንኳኳው በዚህ መሃል ነው።

የእህቴ አማት ነበሩ። ሁለት ቀን ቀድመው ነው የመጡት። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ እኛ ቤት ሁላችንም የምንፈራቸው ሴት ናቸው። የማረቆ በርበሬ በከረጢት፣ ሁለት ዶሮዎች ደግሞ እግራቸው እንደታሰረ ይዘዋል። ሁለቱም አንገተ መላጣ ናቸው። በቆሼ ሙቀት ከነሱ በቀር የሚተርፍ ዶሮ የለም ብለው፣ ዶሮ ነጋዴ ቤት ዶሮ ይዘው በመምጣታቸው ራሳቸው ቀልደው፣ ሰላምታ ተለዋውጠው ተቀመጡ። ቀድመው የመጡት የልጅ ልጃቸውን ሳያዩ እንቅልፍ እንቢ ስላላቸው እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

እህቴ ሕፃኑን ሰጠቻቸው። ማሻ አላህ አሉ። ፊቱን አዩ፤ ፎጣውን ከደረቱ ላይ ማላላት ጀመሩ።

«ባይገለጥ ይሻላል፤ ብርድ ይመታዋል» አለች እናቴ።

እጃቸው ቆመ። ዶሮዎቹ ብቻ በሩ ሥር ይንፈራገጣሉ። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ሁሉንም ፈርቼ ነበር፤ እናቴን፣ አማትየዋን፣ የእህቴን ትዳር። ከሁሉም በላይ ግን ሕፃኑ አፉን ሲከፍት ለማዛጋት ይሁን ለሌላ ነገር አለማወቄ አስፈራኝ።

«እጁ ታሟል፤ አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለበት» አልሁ።

እናቴ በጉራጊኛ ዝም በይ አለችኝ። እኛ ቤት ቁጣ በአማርኛ አይነገርም። አማትየዋ ፎጣውን ገለጡት። እጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ብዙ ጊዜ አዩት። እህቴ ማልቀስ ጀመረች።

«ክሩን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

«አጥብቀው ነው ያሰሩት» አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ቀኝ እጅ ከሕፃኑ እጅ አጠገብ ዘረጉ። ከትንሿ ጣት ጎን የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ ነበረች። «የእኔን እናቴ አሰረችው። የአባቱን ደግሞ እኔ። መጀመሪያ እዚህ ሲመጣ እጁን ብዙ እንዳይዘረጋ መክሬው ነበር፤ ዘራችሁን ስንጠይቅ የእኛ እንዳይነሣ ፈርቼ።»

እህቴ እንባዋን ሳትጠርግ ቀና አለች። «እኔን እኮ ኪንታሮት ነበር ነው ያለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ኪንታሮት ነበር።»

አማትየዋ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ያዙት። እናቴ አልሳቀችም። ጣቱ ከየትኛው ወገን እንደመጣ፣ ምናልባትም ከሁለቱም እንደመጣ፣ ማን ያውቃል። አማትየዋ ሕፃኑን እንዳቀፉ ተነሡና ባጃጅ እንድጠራ አዘዙኝ። እናቴ የበሩን ሥር ጨርቅ በእግሯ ገፍታ ራሷ ከፈተችልን።

ሆስፒታል ሐኪሙ ክሩን በቀጭን መቀስ ፈልጎ እስኪያገኘው ድረስ የሕፃኑ ለቅሶ ኮሪደሩን ሞላው። ሲለቅስ አፉ ሲከፈት ማየቴ ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም። ሐኪሙ እህቴን በእርግዝናዋ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስዳ እንደሆነ ጠየቃት፤ ወስዳለች። ለሕፃኑም መርፌ ተሰጠው። ቁስሉ አመርቅዟል፤ በሽታው ከገባ ግን ወዲያው ስለማይታይ ጡት አያያዙንና አፉን ለሳምንታት ጠብቁ አለን። ጣቷን አልቆረጠም። ደሙ ከተመለሰ ትተርፋለች አለ።

እናቴ ከእኔ ጋር ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። ሐኪሙ ክትባቱን ሲጠይቅ፣ ስለ አፍ መቆለፍ ሲናገር ሰምታለች። ከፊት ለፊታችን ያለው ትልቅ በር ሁለቱም መዝጊያው ተከፍቶ፣ ከመንገዱ አቧራና ንፋስ ይገባል። አንዲት ሴት አራስ ልጇን ይዛ በንፋሱ መሃል ተቀምጣለች። እናቴ ብዙ ጊዜ እሷን አየቻት።

«ያኛውስ?» አለችኝ።

ማንን እንደሆነ ገብቶኛል። ይህን ጥያቄ ከዒድ ጀምሮ ስፈራው ነበር። እጇን ያዝሁና፣ ያኔ ክትባቱን የሰጣት ሰው እንዳልነበረ፣ ስለ ክሩም የነገራት ሰው እንዳልነበረ፣ እርግጠኛ መሆን አሁን ማንም እንደማይችል ነገርኋት።

«በሩ አልነበረም ማለት ነው» አለች።

«በሩ አልነበረም፣ እማ።»

አላለቀሰችም። ጥቁሩን ክር ከቀሚሷ ኪስ አወጣች፤ የቀረውን ጥቅል ይዛው ነበር የመጣችው። የት እንደምትጥለው ዙሪያዋን ፈለገች። ቆሻሻ መጣያው ሩቅ ስለነበር እኔ ተቀብዬ ጣልሁላት።

ሰባተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሆነ። የሕፃኑ አባት ከሚሠራበት ከአዲስ አበባ መጥቶ አልጋው አጠገብ በልጁ ጆሮ አዛን አደረገ፤ ስም ወጣለት። ጣቷ በፋሻ ውስጥ ነበረች። ከነጣቱ ተቆጠረ። ሰውየው ሚስቱን እያየ «ኪንታሮቱ እንዴት ነው?» ሲላት ነርሷ እንኳ ነገሩ ሳይገባት ሳቀች። እናቴ ግን ከዚያም በኋላ በየጠዋቱ እጇን በሳሙና ታጥባ ትንሿን ጣቷን አፉ ውስጥ ታገባና ሲጠባት ትቆጥራለች፤ ሲጠባ ፊቷ ይፈታል፤ ቀኑ ሲገፋ ደግሞ ይጨማደዳል። እኔ ፈተና ስለነበረብኝ ወልቂጤ ተመልሼ፣ ጠዋት ጠዋት እሷ ሳትደውል ክፍል አልገባም ነበር። «ጠብቷል» ትለኝና ትዘጋለች።

ከአረፋ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ደሙ ተመልሷል፤ ቁስሉ ደርቋል። ሐኪሙ አፉን ከፍቶ አየና የምትፈሩት ጊዜ አልፏል፣ ከእንግዲህ አትመላለሱ አላቸው። ጣቷን ሲያድግ ማውጣት እንደሚቻል፣ ባትወጣም እንደማትጎዳው ነገራቸው። እህቴ ባሏን አየች፤ እሱ እናቴን አየ። እናቴ «ትቆይ» አለች። በዚያን ቀን በእህቴ ስልክ በቪዲዮ የደወለችልኝ ከደጃፍ ሆና ነው፤ ልጁን አቅፋ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ፣ ከኋላዋ በሩ ክፍት ነበር። ቀኑ ዓርብ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።